ከመስኮት የወደቀ ዘፈን የለም

ስለ ሮበርት ዋያት የሚያወራ ሰው ወሬውን የሚጀምረው ከአንድ መስኮት ነው። «ከአራተኛ ፎቅ ወደቀ፤ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ፤ ከበሮ መቺው ሞተ፤ በምትኩ ታላቅ ዘፋኝ ተወለደ» ይላል። በዚህም አያበቃም። ራሱን በሐዘኔታ ነቅነቅ ያደርግና «አየህ፣ ባይወድቅ ኖሮ ያን ሸክላ ባልሠራ ነበር» ብሎ ይደመድማል። አድማጩም «እውነት ነው፤ ጥበብ የመከራ ልጅ ናት» ብሎ ያጸድቅለታል። ቡናው ይጠጣል፤ ሒሳቡ ይከፈላል፤ ሁሉም ወደየቤቱ ይበተናል።

ይህን ወሬ በጽሑፍም በሙዚቃ ወዳጆች አንደበትም ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ዛሬ ግን ዝም ብዬ አላሳልፈውም። ሦስት ነገር እላለሁ። ወሬው በቀን መቁጠሪያ ሲመረመር ሐሰት ነው። በጆሮ ሲመረመር ደንቆሮ ነው። በኅሊና ሲመረመር ደግሞ ጭካኔ ነው። ሦስቱንም በየተራ አስረዳለሁ። አንባቢ ሆይ፣ ፍርዱን ከዚያ በኋላ ስጥ። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌያቸዋለሁ።)

ሰውየውን ለማያውቁት በአጭሩ ላስተዋውቅ። ሮበርት ዋያት በ1945 በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ ተወለደ። እናቱ ጋዜጠኛ፣ አባቱ የሥነ ልቡና ባለሙያ ነበሩ። ቤታቸው ጃዝ የሚደመጥበት ቤት ነበር። ቤተሰቡ በኬንት አውራጃ ዶቨር አጠገብ ወዳለችው ሊደን መንደር በተዛወረ ጊዜ ጆርጅ ናይዶርፍ የሚባል አሜሪካዊ የጃዝ ከበሮ መቺ እዚያው ቤት ክፍል ተከራይቶ ገባ። ወጣቱ ሮበርት ከበሮን የተማረው ከዚህ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ከካንተርበሪ ጓደኞቹ ጋር ሆኖ በ1964 ዋይልድ ፍላወርስ የተባለ ጓድ አቋቋመ። በ1966 ደግሞ ከኬቨን አየርስ፣ ከማይክ ራትሌጅና ከዴቪድ አለን ጋር ሶፍት ማሽን የተባለውን ቡድን መሠረተ። ይህ ቡድን በ1968 ከጂሚ ሄንድሪክስ ጋር አሜሪካን እየዞረ ተጫውቷል። የመጀመሪያ ሸክላውንም ያስቀረጸው በዚያው ዓመት በኒው ዮርክ ነው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ክሴ ልግባ። «ከበሮ መቺው ሞቶ ዘፋኝ ተወለደ» የሚለው ሰው ዘፋኙ ከመቼ ጀምሮ እንደነበረ ጠይቆ ያውቃል? ዋያት በዋይልድ ፍላወርስ መጀመሪያ ከበሮ መታ፤ ቆየት ብሎ ደግሞ የጓዱ ዘፋኝ ሆነ። በሶፍት ማሽን የመጀመሪያ ሁለት ሸክላዎች ላይ የሚዘፍነው ማን ነው? ከከበሮው ኋላ የተቀመጠው ያው ሰው ነው። እጁ እየመታ አፉ ይዘፍናል፤ ያውም ቀላል ምት አይደለም የሚመታው።

በ1970 ሶፍት ማሽን ሦስተኛ ሥራውን በሁለት ሸክላዎች አወጣ። አራት ገጽ፣ አራት ድርሰት ነው። ከአራቱ በሦስቱ ድምፅ የለም፤ መሣሪያ ብቻ ነው። በቀረው አንድ ገጽ ላይ «ሙን ኢን ጁን» የተባለው የዋያት ድርሰት አለ፤ ወደ ሃያ ደቂቃ ግድም ይወስዳል። ይህን ድርሰት ዋያት ከሁለት ዓመት በፊት አሜሪካ ሳለ መልክ አስይዞት ነበር። በሸክላው ላይም የመጀመሪያውን ክፍል አብዛኛውን መሣሪያ የሚጫወተው ራሱ ነው። ባልደረቦቹ ልባቸው በዚያ ዘፈን አልነበረም። ቡድኑ ወደ ጠበቀ የመሣሪያ ጃዝ እያመራ ነበርና የሰው ድምፅ፣ በተለይም ስለ ሻይና ስለ ናፍቆት በገዛ ሰፈሩ አነጋገር የሚያወራ ድምፅ፣ እንደ ልጅ ጨዋታ ይታይ ጀመር። በ1971 የወጣው አራተኛው ሸክላ ላይ አንዲት የተዘፈነች ቃል የለችም። ዋያትም በዚያው ዓመት ቡድኑን ለቆ ወጣ።

ልብ በሉ። ዘፋኙን ዝም ያሰኘው መስኮት አይደለም፤ ባልደረቦቹ ናቸው። አፉን የከፈተለትም መስኮት አይደለም። በ1970 ለብቻው ባወጣው «ዚ ኤንድ ኦቭ ኤን ኢር» በተባለው ሸክላ ሽፋን ላይ ራሱን እንዴት ብሎ እንዳስተዋወቀ ታውቃላችሁ? ሥራ የፈታ የፖፕ ዘፋኝ፣ ለጊዜው በሶፍት ማሽን ከበሮ የሚመታ፣ ብሎ ነው። ቀልድ ነው፤ ግን ምሬት ያለበት ቀልድ ነው። ከመውደቁ ሦስት ዓመት በፊት ሰውየው ራሱን የሚያውቀው እንደ ዘፋኝ ነበር፤ ከበሮው «ለጊዜው» ነበር። እንግዲህ በ1973 «ተወለደ» የሚባለው ዘፋኝ በ1970 ሥራ አጥቶ ይቆዝም ነበር ማለት ነው።

የቀን መቁጠሪያው ገና አላለቀም። ከሶፍት ማሽን ከወጣ በኋላ ማቺንግ ሞል የተባለ የራሱን ቡድን አቋቋመ። ስሙ ራሱ ቀልድ ነው፤ ሶፍት ማሽን የሚለውን ወደ ፈረንሳይኛ መልሳችሁ በእንግሊዝኛ ጆሮ ብትሰሙት የሚወጣው ይኸው ስም ነው። ያ ቡድን በ1972 ሁለት ሸክላ አውጥቶ ተበተነ። በዚያው ክረምት የዋያት ወዳጅ፣ በኋላም ባለቤቱ የሆነችው አልፍሬዳ ቤንጅ፣ ኒኮላስ ሮግ በቬኒስ ከተማ በሚያነሳው ፊልም ላይ ሥራ አገኘች። ዋያትም አብሯት ሄደ። ሥራ ፈትቶ እንዳይቀመጥ አንዲት ትንሽ ኪቦርድ ገዛችለት። በኋላ «ሮክ ቦተም» በተባለው ሸክላ ላይ ከሰማናቸው ዜማዎች ብዙዎቹ የተጠነሰሱት እዚያ፣ በቬኒስ፣ በሁለት እግሩ የሚሄድ ሰው ጣቶች ሥር ነው። ወደ ለንደን ተመልሶም ማቺንግ ሞልን በአዲስ ጓዶች ሊያቋቁምና እነዚያን ዜማዎች ሊጫወት ሲዘጋጅ ነበር። ከመስኮት የወደቀው ሰኔ 1 ቀን 1973 በአንድ የለንደን ግብዣ ላይ ሰክሮ ነው። ሸክላው የወጣው በሐምሌ 1974 ነው። ዜማው ከውድቀቱ በፊት ከተጀመረ ውድቀቱ ወለደው የሚለው ወሬ ምን ይባላል? ከእናቱ በፊት የተወለደ ልጅ አይቼ አላውቅም።

እርግጥ የሸክላው ርእስ ለተረተኞቹ ሳይመቻቸው አልቀረም። «ሮክ ቦተም» በእንግሊዝኛ የመጨረሻው ታች፣ ከዚያ ወዲያ መውረጃ የሌለበት ወለል ማለት ነው። ርእሱን ያነበበ ሁሉ መስኮቱን አየ፤ ሸክላውን ግን አላዳመጠም።

ወደ ሁለተኛው ክስ፣ ወደ ጆሮው ልለፍ። «ከበሮ መቺው ሞተ» ይሉናል። የሞተው ምንድን ነው? ከበሮ መቺ በእግሩ ሁለት ነገር ይሠራል፤ በአንዱ ትልቁን ከበሮ ይመታል፤ በሌላው ሁለት ተጋጣሚ ሲምባሎችን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሽባ የሆነ ሰው እነዚህን ሁለቱን ያጣል። ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም፤ አላቃልለውም። ነገር ግን ጃዝ የተማረ ከበሮ መቺ ከእግሩና ከእጁ ሌላ የያዘው ነገር አለ። በ1940ዎቹ እነ ኬኒ ክላርክ በጃዝ ከበሮ ላይ አንድ ለውጥ አመጡ። ጊዜ የመቁጠሩን ሥራ ከትልቁ ከበሮ ወስደው ለሲምባል ሰጡት። ትልቁ ከበሮና ትንሹ ከበሮ ከቆጠራ ነፃ ወጡ፤ ያልተጠበቀ ቦታ ላይ ድንገት እየገቡ ከነፋሹ ጋር የሚነጋገሩ፣ የሚያሾፉ፣ የሚመልሱ ሆኑ። ከበሮ መቺው ሰዓት መሆኑ ቀረና ተናጋሪ ሆነ።

አሁን ዋያት ሲዘፍን ስሙት። ቃሉን በምቱ አናት ላይ አይጥለውም። ትንሽ ያዘገየዋል፤ ምቱ ካለፈ በኋላ ዘና ብሎ ይገባል፤ አንዳንዴም ቀድሞ ገብቶ ይጠብቃችኋል። በሁለት ቃላት መሃል የሚተወው ባዶ ቦታ ራሱ ምት ነው። ቃል ሲያልቅበት ያለ ቃል ይዘፍናል፤ ድምፁን እንደ ትራምፔት ያንቆረቁረዋል፤ ምላሱን እንደ ከበሮ ዱላ ያንከባልለዋል። ይህን ያለ ቃል መዝፈን ሆስፒታል ተኝቶ አላመጣውም። በ1970ው ሸክላ መክፈቻ ላይ የጊል ኤቫንስን የጃዝ ድርሰት እንደዚሁ ያለ አንዲት ቃል፣ በድምፅ ብቻ ተጫውቶታል። ከበሮ መቺው አልሞተም። ከቆዳና ከእንጨት ተነስቶ ጉሮሮ ውስጥ ገባ፤ ያውም ከአደጋው በፊት።

የኛ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው ከበሮ የያዘው ደብተራ ከዝማሬው ተለይቶ እንደማይቆም ያውቃል። ከበሮው ዝማሬውን አጅቦ የሚሄድ አሽከር አይደለም፤ የዝማሬው ትንፋሽ ነው። ከበሮና ድምፅ ሁለት ሙያ ነው፣ አንዱ ሲሞት ሌላው ይወለዳል፣ የሚል ሰው ዜማ የሰማው በሩቁ ነው።

በ«ሮክ ቦተም» ላይ እጁ ሥራ አልፈታም። በሸክላው ላይ ከተጠቀሱት መሣሪያዎቹ መካከል አንድ ከበሮ፣ የወይን ብርጭቆና የቡና ቤት አሳላፊ የሚይዘው ዓይነት ትሪ ይገኙበታል። ትሪ! ሰውየው ዕቃ ቤት ገብቶ ያገኘውን መታ። ይህ የሞተ ከበሮ መቺ ሥራ ነው?

ሦስተኛው ክስ ከሁሉም ይከብዳል። «መከራው ጠቀመው» የሚለው ወሬ ማንን ከታሪኩ ያስወጣል? የያዙትን እጆች ያስወጣል። «የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል» ይላል ያገራችን ሰው። የዋያት ዕድል ግን ከምሳሩ ይልቅ እጅ መብዛቱ ነው።

እጆቹን እንቁጠራቸው። የመጀመሪያው እጅ የሕዝብ ሆስፒታል ነው። ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ውስጥ የጀርባ አጥንት ጉዳት ክፍል በ1944 ያቋቋመው ከናዚዎች ሸሽቶ የመጣ ሉድቪግ ጉትማን የተባለ ሐኪም ነው። ከእርሱ ዘመን በፊት እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰበት ሰው አልጋ ላይ ተጥሎ ሞቱን ይጠብቅ ነበር። ጉትማን «ይነሱ፣ ይሥሩ፣ ይጫወቱ» አለ። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው የፓራሊምፒክ ውድድር ሥሩ በ1948 በዚያው ሆስፒታል ግቢ የተደረገው ጨዋታ ነው። ዋያት ወራት ሙሉ የተኛው እዚያ ነው። ጎብኚዎች በሚያርፉበት ክፍል ውስጥ አንድ አሮጌ ፒያኖ አገኘና የቬኒሱን ዜማዎች በዚያ ላይ ጨረሳቸው። ፒያኖውን እዚያ ያስቀመጠው መከራ አይደለም።

ሁለተኛው እጅ የሙያ ጓዶቹ ናቸው። በኅዳር 1973 ፒንክ ፍሎይድና ሶፍት ማሽን በለንደን ሬይንቦው ቲያትር ለእርሱ መርጃ ተጫወቱ። አዎን፣ ያው ድምፁን ያልፈለገው ሶፍት ማሽን! የፒንክ ፍሎይድ ከበሮ መቺ ኒክ ሜሰን ደግሞ «ሮክ ቦተም»ን በአዘጋጅነት መራለት። ከበሮ መቺ ለከበሮ መቺ የደረሰበትን ይህን ታሪክ ተረተኞቹ አይነግሯችሁም። ሌላ ወዳጅ የገጠር ቤቷን ለቀቀችለት፤ የመቅጃ መሣሪያ የጫነ መኪና ሜዳው ላይ ቆሞ ዘፈኖቹ ተቀዱ።

ሦስተኛው እጅ አልፍሬዳ ቤንጅ ናት። ሸክላው በወጣበት ዕለት ተጋቡ። የሸክላዎቹን ሽፋን የሣለችው፣ ብዙ ግጥሞቹን የጻፈችው፣ ሥራውን ያስተዳደረችው እርሷ ናት። በ1991 በወጣው «ዶንዴስታን» ላይ ከዘፈናቸው ግጥሞች ብዙዎቹ የእርሷ ናቸው። ለአርባ ዓመት አብራው የሠራችን ሴት ትቶ አንድ ሌሊት የተከፈተን መስኮት የሚያመሰግን ሰው ምን ዓይነት ታሪክ ጸሐፊ ነው?

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነው ነገሩ። መከራ ብቻውን ጥበብ ይወልድ ቢሆን ኖሮ የሞንጌዚ ፌዛን ዕጣ ማን ያስረዳኛል? ፌዛ ደቡብ አፍሪካዊ ትራምፔት ነፊ ነው። በ1964 ብሉ ኖትስ ከተባለው ቡድን ጋር አፓርታይድን ሸሽቶ ወጣ፤ ነጭና ጥቁር አብረው የሚጫወቱበት ቡድን በአገሩ ሕግ መኖር አይችልም ነበርና። ለንደን መጥቶ በስደት ኖረ። በ«ሮክ ቦተም» ላይ ትራምፔቱ እንደ ርችት ሲፈነዳ የምትሰሙት እርሱ ነው። «ሶኒያ» የተባለ ድርሰቱንም ዋያት በ1975 ባወጣው ሸክላ ላይ አካቶታል። ፌዛ ያልቀመሰው የመከራ ዓይነት የለም፤ ዘረኝነት፣ ስደት፣ ድህነት፣ ሕመም። በታኅሣሥ 1975 በሳንባ ምች ሞተ። ዕድሜው 30 ነበር። መከራው የት አለ ታላቁ ሸክላ? መከራ አንዱን አጎናጽፎ ሌላውን የሚቀብር ከሆነ ልዩነቱ መከራው ላይ አይደለም፤ የያዘው እጅ ላይ ነው።

ተቃዋሚዬ እዚህ ላይ እንዲህ እንደሚል አውቃለሁ፤ «ራሱ ዋያት አደጋው ሕይወቱን ለሁለት እንደከፈለው፣ የቀድሞውን ዘመኑን እንደ ጉርምስና እንደሚያየው ተናግሮ የለም ወይ?» ተናግሯል፤ ደጋግሞ ተናግሯል። ሆስፒታል ተኝቶ ማሰቢያ ጊዜ ማግኘቱንም ተናግሯል። ይህ የእርሱ መብት ነው። ቁስለኛ ቁስሉን ቢመርቅ ከርሱ ጋር የመኖሪያ ዘዴ ነው። ተመልካች ያንኑ ቁስል ሲመርቅ ግን የሚመርቀው የራሱን ምቾት ነው። «ደግ አደረገኝ» እና «ደግ አደረገው» በአንዲት ፊደል ይለያያሉ፤ በኅሊና ዘንድ ግን ሰማይና ምድር ናቸው።

ደግሞስ መከራውን የሚያደንቁ ሰዎች ባለመከራውን ሲያዩት ምን አደረጉ? በመስከረም 1974 ዋያት የመንኪስን «አይም ኤ ቢሊቨር» እንደገና ዘፍኖ በእንግሊዝ የሽያጭ ሰንጠረዥ 29ኛ ደረጃ ደረሰ። «ቶፕ ኦቭ ዘ ፖፕስ» በተባለው የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ሊቀርብ ሲል አዘጋጁ ተሽከርካሪ ወንበሩ ለቤተሰብ መዝናኛ አይመጥንም አለ። ዋያት ተቆጣ፤ በሌላ ወንበር ላይ አልቀመጥም ብሎ ድርቅ አለ፤ በመጨረሻም በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ዘፈነ። ይህን ልብ በሉልኝ። የወንበሩ ተረት ይጣፍጣል፤ ወንበሩ ራሱ ግን ከካሜራ ፊት ዞር ይበል! ሐዘኔታ እንዲህ ነው፤ ታሪኩን ይወዳል፤ ሰውየውን ግን በር ላይ ያቆመዋል።

ተረቱ የሚሠራው ሌላም በደል አለ። የአርባ ዓመት ሥራን በአንድ ሌሊት ይውጠዋል። ዋያት ከ«ሮክ ቦተም» በኋላ ምን ሠራ? በ1980ዎቹ መጀመሪያ ራፍ ትሬድ ለተባለው አነስተኛ ኩባንያ ተከታታይ ነጠላ ሸክላዎችን አወጣ፤ የቺሊዋን የቪዮሌታ ፓራን ዘፈን፣ የኩባን ዜማ፣ የጥቁር አሜሪካውያንን ዘፈኖች። በ1982 «ሺፕቢልዲንግ»ን ዘፈነ። ዜማው የክላይቭ ላንገር፣ ግጥሙ የኤልቪስ ኮስቴሎ ነው። በፎክላንድ ጦርነት ጊዜ ሥራ አጥተው የነበሩ የመርከብ ሠሪዎች ሥራ ተገኘልን ብለው ሲደሰቱ፣ ያው መርከብ ልጆቻቸውን ጭኖ ወደ ሞት እንደሚሄድ የሚናገር ዘፈን ነው። በ1985 ከናሚቢያ ነፃነት ታጋዮች ከስዋፖ ዘማሪዎች ጋር ዘፈነ፤ ናሚቢያ ነፃ የወጣችው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። «ሽሊፕ» በ1997፣ «ኩኩላንድ» በ2003፣ «ኮሚክኦፔራ» በ2007 ተከተሉ። በ2014 ሙዚቃ መሥራት ማቆሙን አስታወቀ።

ይህ ሁሉ «ያዘነ ድምፅ» በሚል አንድ ከረጢት ውስጥ ይጨመራል። ጃፓናዊው ሙዚቀኛ ርዩኢቺ ሳካሞቶ ድምፁን በዓለም ላይ ካሉት ሁሉ ያዘነ ብሎታል ተብሎ በየቦታው ይጠቀሳል። ይሁን። ድምፁ ከፍ ያለ፣ የሳሳ፣ ያልተሸለመ ነው፤ እንግሊዛዊ የሮክ ዘፋኝ ሁሉ አሜሪካዊ መስሎ በሚዘፍንበት ዘመን በገዛ አገሩ አነጋገር የሚዘፍን ነው። ግን የሚያዝነው ለራሱ ነውን? «ሺፕቢልዲንግ»ን የሰማ ሰው ሐዘኑ ለመርከብ ሠሪው አባት መሆኑን ያውቃል። የፌዛን ትራምፔት አጠገቡ ያስቀመጠ ሰው ለገዛ እግሩ ሲያለቅስ አልነበረም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እኛን ይመለከታልና። ዋያት በ1970ዎቹ መጨረሻ የእንግሊዝ ኮሚኒስት ፓርቲ አባል ሆነ። ልክ በዚያው ሰሞን እኛ ከተማ ውስጥ በዚሁ ስም ምን ይደረግ እንደነበር፣ የማን ልጅ በየትኛው ጎዳና ላይ ወድቆ እንዳደረ ለአንባቢ መንገር አያሻኝም። ያንን ዘመን የምናስታውስ ሰዎች ስለ ስታሊን የጦርነት ጊዜ ጀግንነት የሚያወራ አሮጌ አሜሪካዊ ዘፈን እርሱ በ1981 እንደገና ሲዘፍነው ስንሰማ ፊታችን ይኮሳተራል። የኔም ይኮሳተራል። ፓርቲውንም ያንን ዘፈንም አልቀበልለትም፤ ሙግት አለኝ። ቁም ነገሩ ግን ይህ ነው፤ ሙግት ያለኝ አሳቢ ሰው ስለሆነ ነው። የሚያስብ፣ የሚመርጥ፣ የመረጠውንም በአደባባይ የሚዘፍን ሰው ስለሆነ ነው። «ምስኪን፣ ከመስኮት የወደቀው» የሚሉት ግን ከርሱ ጋር አይሟገቱም። ምስኪን ጋር ማን ይሟገታል? ሐዘኔታ ከሰው ላይ የመጨረሻውን ክብር፣ የመሳሳት ክብርን እንኳ ይገፍፋል።

ለመሆኑ አዲስ አበባ ላይ ተቀምጬ ስለ አንድ እንግሊዛዊ ይህን ያህል መቆጣቴ ስለ ምንድን ነው? ያቺ ዓረፍተ ነገር የእንግሊዝ ብቻ ስላልሆነች ነው። «ጥበብ የመከራ ልጅ ናት» የምትለዋን በየሻይ ቤቱ እንሰማታለን። ጠጥቶ ስላለቀው ድምፃዊ፣ የቤት ኪራይ አጥቶ ስለሞተው ገጣሚ፣ መሣሪያውን ሸጦ ስለበላው ሙዚቀኛ ስናወራ በዚያች እንደመድማለን። የምትመቸንም ክፍያ ስለማትጠይቅ ነው። ረኃቡ ካጠነከረው ማብላት አያስፈልግም። ሕመሙ ካስዘፈነው ማሳከም ዘፈኑን ማበላሸት ነው። እንዲህ እያልን ዕዳችንን «አድናቆት» ብለን እንጽፈዋለን።

የዋያት ታሪክ የሚያስተምረን ተቃራኒውን ነው። ጎበዝ ከበሮ መቺ ነበር፤ መምህር ስላገኘ። ዘፋኝ ነበር፤ ማንም ሳይፈቅድለት። ድምፁን የማይሻ ቡድን ውስጥ ገብቶ ሦስት ዓመት ያህል ተገፋ፤ ያ የመከራ ዘመኑ ዘፈኖቹን ሲያሳጥር እንጂ ሲያበዛ አላየንም። ወደቀ፤ መውደቁ ሁለት እግርና የሚወደውን የመሣሪያውን ግማሽ ወሰደበት፤ አንዳች አልሰጠውም። የሰጡት ሐኪም፣ ጓድ፣ ሚስት፣ አሮጌ ፒያኖና ሜዳ ላይ የቆመ መኪና ናቸው። እነዚህ ሁሉ ዋጋ አላቸው፤ ዋጋቸውንም የከፈለ ሰው አለ።

እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ሰው የመስኮቱን ወሬ ሲጀምርላችሁ ቡናውን እስኪጨርስ አትጠብቁት። «ዜማውን በስንት ዓመተ ምሕረት ጀመረው?» በሉት። ቀጥላችሁም «ፒያኖውን ማን አስቀመጠለት?» በሉት። መልስ ካጣ ሸክላውን ክፈቱለትና ዝም ብሎ ይስማ። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ድምፁ ውስጥ ከበሮ ይሰማል። ያ ከበሮ ከየትም አልወደቀም።